የኤሌክትሪክ ግሪል በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፦ አመራረጡና አጠቃቀሙ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅርጫ ደርሶን መደባችንን ይዘን ስንገባ ልጆቼ ቀድመው የሚጠይቁኝ ጥብስ ነው። ከሰል ላይ የተጠበሰ ጎድን የሚያህል ነገር እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ግን የት ላቀጣጥለው? በረንዳዬ ላይ ካነደድኩ ጭሱ ሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰፈራችን ሜዳ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ፍም አንስቶ የት እንደሚጥለው አይታወቅም። ማንደጃውን ቤት ውስጥ አስገብቶ በር መዝጋት ደግሞ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ስንት ቤት በዚህ እንዳዘነ ሁላችንም ሰምተናል።

የግቢያችን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ኮሙናሉ፣ አለ። ለእርድና ለድግስ ጥሩ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ግን ማንደጃ፣ ከሰልና ትሪ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ያደክማል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ግሪል ገዛሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን ቤቴን ሊያቃጥለው ነበር።

የመስቀል ዋዜማ ነው። ግሪሉ 2200 ዋት ነው። በረንዳዬ ሶኬት ስለሌለው ከሳሎን በዲቫይደር ሳብኩት። እዚያው ዲቫይደር ላይ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ተሰክተዋል። ሥጋው መንጫጫት እንደጀመረ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ዓሣ አልገዛንም። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ በራቸውን ከፍተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የሚሸተው ከእናንተ ቤት ነው?» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ እኔም እየፈለግኩት ነው» አልኳቸው። አብረን ፈለግን። ብሬከሩን አጥፍቼ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ስነቅለው፣ በአንደኛው እግር ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል። እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ ታች ወርዷል። በማግስቱ የመጣው ኤሌክትሪሺያን አገላብጦ አየውና፣ «እህቴ፣ ግሪሉ ምንም አልሆነም። ዲቫይደሩ ነው ያልቻለው» አለኝ።

ያን ሽታ አትርሱት። አንዳንድ የሶኬት ፕላስቲክ ሲግል የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ ያወጣል። ዓሣ ሳትጠብሱ ዓሣ ከሸተታችሁ ሥጋውን ተዉትና መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ።

መጀመሪያ የቤታችሁን መብራት እወቁ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቆጣሪው አጠገብ ያለውን የብሬከር ሣጥን ክፈቱ። እያንዳንዱ ብሬከር ላይ ቁጥር አለ። ለሶኬት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ 16 ይላል። 16 አምፔር ማለት ነው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሁለቱን አባዙ። 3520 ዋት ይመጣል። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ሶኬቶች በሙሉ አንድ ላይ ከዚህ ማለፍ የለባቸውም።

አሁን ቤታችሁ ያለውን ደምሩ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። ቦይለር ከ1500 እስከ 2000 ይሆናል። የስቶቭ አንዱ ዓይን ከ1000 እስከ 1500 ነው። እንግዲህ እንጀራ እየተጋገረ በዚያው መስመር ግሪል መሰካት አይሆንም። ምጣዱ የራሱ መስመር ካለው ጥሩ ነው። ያም ሆኖ ዋናው ብሬከር ሁለቱን መቻሉን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ። እኛ ቤት ሕጉ ቀላል ነው። እንጀራ ጠዋት፣ ጥብስ ከሰዓት።

ቀጥሎ ሶኬቱን እዩ። የሆነ ነገር ሰክታችሁ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ፣ ወይም ስትሰኩ ጭረት የመሰለ ድምፅ ካሰማ ላልቷል ማለት ነው። የላላ ሶኬት የስልክ ቻርጀር ይችላል። 2000 ዋት ግሪል የሚስበውን ዘጠኝ አምፔር ግን አይችልም። መገናኛው ላይ ይግልና ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ሶኬት ማስቀየር ከግሪሉ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሳትገዙ በፊት አስቀይሩ። ኤሌክትሪሺያኑ በዚያው የመሬት ሽቦው፣ ኧርዝ የሚሉት፣ በትክክል መገናኘቱን በቴስተር ይይላችሁ። ግሪል ብረት ነው፣ አጠገቡ ውሃና ቅባት አለ። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ባይሰካ ይሻላል። ሣጥኑ ውስጥ 30 ሚሊአምፔር የሚል፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ማስገባት ከቻላችሁ አስገቡ። የሰው ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው።

ኤክስቴንሽን የግድ ካስፈለጋችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለውን፣ ሦስት ሽቦ ያለውን ውሰዱ። የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት ቢያንስ 1.5፣ ቢቻል 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሁን። ጎማው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጥቅልል ከሆነ እስከ መጨረሻው ፍቱት። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሱቅ ስትገቡ

መርካቶም ቦሌም ብትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሣጥኑ ላይ ያለውን ፎቶ ነው። እናንተ ግሪሉን ገልብጡት። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። ቮልቱ ከ220 እስከ 240 ይበል። ዋቱ ከ1500 እስከ 2000 ይሁን። ከ1200 በታች የሆነው ለሳንድዊች ነው። ሥጋ ሲጫንበት ይቀዘቅዝና መጥበሱን ትቶ መቀቀል ይጀምራል። ከ2000 በላይ ያለው ደግሞ የእኛን ሶኬት ያስጨንቃል።

ዓይነታቸው ሦስት ነው። እንደ መጽሐፍ የሚዘጋው ከላይም ከታችም ስለሚጠብስ ፈጣን ነው፤ ለዶሮ ደረትና ለዳቦ እወደዋለሁ። አጥንት ያለው ጎድን ግን አይዘጋበትም። ሁለተኛው ክፍት ሆኖ ሸንተረር ያለው ወፍራም ሳህን የተገጠመለት ነው። ሦስተኛው ሽቦ ርብራብ ሆኖ ከሥሩ የጋለው ብረት በግልጽ የሚታይ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ውሃ የሚሞላ ትሪ ያለው ነው። የከሰሉን ጣዕም በመጠኑ የሚያስታውሰው ይኼ ሦስተኛው ነው። የጥብስ መዓዛ የምንለው በአብዛኛው ከከሰሉ አይደለም። ስቡ እየቀለጠ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስ ተመልሶ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ነው። የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ስብም ትንሽ ይሠራዋል። ጎረቤት እስከማስቸገር ሊያጨስ ግን ይችላል።

እኔ ለበረንዳ ሁለተኛውን መረጥኩ። ስታነሱት ከበድ የሚለውን ውሰዱ። ወፍራም ሳህን ሙቀት ይይዛል፤ ሥጋ ሲጫንበት ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሳህኑ የሚነቀል ይሁን። አንድም ለማጠብ፣ አንድም ለጾም። ሥጋ የነካ ሳህን ላይ የጾም ምግብ የማይሠራበት ቤት ብዙ ነው፤ እናቴ ስትመጣ የእኔም ቤት እንደዚያ ነው። ተጨማሪ ሳህን ለብቻው የሚሸጥለት ከሆነ ሁለት ግዙ። አንዱን ለረቡዕ፣ ለዓርብና ለዓቢይ ጾም አስቀምጡት። በቆሎ፣ ድንች፣ ቃሪያና ዝኩኒ ያምርበታል።

ሙቀት መቆጣጠሪያው ቁጥር ያለው እንጂ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ አይሁን። የገመዱን ውፍረት በጣታችሁ ዳብሱት፤ እንደ ስልክ ቻርጀር ቀጭን ከሆነ መልሱት። መሰኪያው ኧርዝ ያለው ይሁን። ከዚያ ሳትከፍሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሻጩ ቢቸኩልም ጠብቁ። ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋሉን እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከላይ በማንዣበብ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጎን ቀዝቃዛ ከሆነ ሌላ ይቀየርላችሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ

ይኼ ብዙ ቤት አለ። ዕቃው ያምራል፣ ፍቅር አለበት። የተሠራው ግን ለ120 ቮልት ነው። 1500 ዋት የተባለው የአሜሪካ ግሪል 220 ላይ ሲሰካ ከ5000 ዋት በላይ ይስባል። ቮልት እጥፍ ገደማ ሲሆን ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናላ። ብሬከር ካልቀደመው ውስጡ ይቃጠላል። የግድ መጠቀም ከፈለጋችሁ ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከባድም ውድም ነው። ስታብላይዘሩ ላይ 110 የሚል ቀዳዳ ስላያችሁ ብቻ አትሰኩ። ብዙ ጊዜ ያ ቀዳዳ ይህን ያህል ጭነት አይሸከምም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የዚያን ትራንስፎርመር ዋጋ እዚህ ጥሩ ግሪል ብትገዙበት ይሻላል።

አቀማመጡ

በረንዳችን ጠባብ ነው። ልብስ ይሰጣበታል፣ የጋዝ ሲሊንደር ይቀመጥበታል፣ ዘይትና ከሰልም እዚያው ነው። ግሪሉን ከማውጣታችሁ በፊት ሲሊንደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩ። ልብሱንም አንሱ። ግሪሉ የሚቀመጥበት ነገር ጠንካራና የማይነድ ይሁን፤ ሴራሚክ የተነጠፈ ወለል ወይም የብረት ጠረጴዛ። ፕላስቲክ ጠረጴዛ አይሆንም። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁት። ገመዱ ሰው በሚያልፍበት አይንጠልጠል። ሕፃን ካለ በረንዳውን ዝጉበት።

ነፋሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ግሪል ነበልባል ስለሌለው የሚጠፋ ነገር የለውም። ሙቀቱን ግን ነፋስ ይሰርቀዋል። ክዳን ካለው ክደኑት። ከሌለው በረንዳው ጥግ ላይ አድርጉት። ዝናብ ካካፋ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ መስኮት ክፈቱ። ብዙው ግሪል ውሃ ሊረጭበት አይገባም። ክረምት ላይ በባዶ እግራችሁ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ አትሥሩ፤ ነጠላ ጫማም ቢሆን አድርጉ።

አጠባበሱ

ዋናው ምስጢር እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግሪሉን የሚያማው ይህን ሳያውቅ ነው። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሥጋው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ላዩ ከዚያ ብዙም አይዘልም። ሥጋ ቡናማ ሆኖ የጥብስ ጣዕም የሚያወጣው ደግሞ ከ140 ዲግሪ በላይ ነው። ከሰል ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ይጨርሰዋል። የኤሌክትሪክ ግሪል ግን ጉልበቱ የተቆጠረ ነው። በውሃው ላይ አታባክኑት።

ስለዚህ ሥጋውን አጥባችሁ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጫን ጫን እያላችሁ አድርቁት። ሶፍቱ መራሱን እስኪያቆም ቀያይሩ። ከፍሪጅ ከግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት። ለግሪል ሽንጥ ይመቻል። ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ይኑረው። እንደ መጥበሻ ጥብስ ደቃቅ አድርጋችሁ አትክተፉት። ትንሽ ዘይት ሥጋውን ቀቡት፤ ሳህኑን አይደለም። ጨው ልትጠብሱ ስትሉ ነስንሱበት። አዋዜ አሁን አትቀቡ። በርበሬው ያርርና ይመራል። ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው አዋዜ የሚገባው። የጥብስ ቅጠሉም እንደዚያው።

ግሪሉን ባዶውን ከፍተኛው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አግሉት። መብራቱ ስለበራ ብቻ ደረሰ አትበሉ። ሳህኑ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉ፤ ከዘለለችና ቶሎ ካለቀች ደርሷል። ከዚያ ሥጋውን አራርቃችሁ ደርድሩ። ግማሽ ሳህን ባዶ ይቅር። እንግዳ በዝቶባችሁ ሞልታችሁ ብትጭኑት ሳህኑ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ይለቃል፣ በገዛ ውሃው ይቀቀላል። ሁለት ዙር ጠብሱ። አንዱ እየተበላ ሌላው ይደርሳል። ቡና ቤትም የሚመጣላችሁ እንደዚያ እየተጠበሰ ነው።

አንዴ ካስቀመጣችሁት አትነካኩት። ሦስት፣ አራት ደቂቃ ተዉት። ሲበስል ራሱ ሳህኑን ይለቃል። ስትጎትቱት ከያዘ ገና ነው። በመቆንጠጫ አገላብጡ። ሹካ አትውጉበት፤ ቴፍሎን ሳህን ከሆነ ደግሞ ብረት ጨርሶ አይንካው። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ የበሬ ሥጋ ውስጡ 63፣ የተፈጨ ሥጋ 71፣ ዶሮ 74 ዲግሪ ይድረስ። ከሌላችሁ ዶሮውን አጥንቱ ሥር ቀደድ አድርጋችሁ እዩ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ይበል። የበሬውን ለብለብ የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ መሆኑን ግን ለልጆቻችሁ ስትሉ አትርሱ።

ጎድን ስቡ ብዙ ነው። ትርፍ ስቡን ቀድማችሁ ግፈፉት። መካከለኛ ሙቀት ላይ ረጅም ጊዜ ስጡት። ትሪው ውሃ የሚይዝ ከሆነ ሥራ ሳይጀመር ሙሉት፣ ሲጎድልም ጨምሩ። ስቡ ውሃ ላይ ሲወድቅ አይጨስም። ዓሣ ደግሞ ቆዳው በደንብ ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ፣ አንዴ ብቻ ይገልበጥ። እሸት በቆሎ በነሐሴና በመስከረም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እያሽከረከራችሁ ነው። የመንገድ ዳሯ እናት ከሰል ላይ የምትጠብሰውን አያህልም፤ ዝናብ ሲያባራ እስክትወጣ ለመጠበቅ ግን ይበቃል።

አንድ ቀን ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ ግሪሉ አልግል ቢላችሁ ግሪሉን አትውቀሱት። በዓል ቀን አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ስቶቭ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲገባ 2000 ዋት የተባለው ግሪል ወደ 1340 ዋት ይወርዳል። አንድ ሦስተኛ ጉልበቱ ሄደ ማለት ነው። አምፖሉ ከደበዘዘ በዚያ ሰዓት ቀጭን ቀጭን ሥጋ ብቻ ጠብሱ፣ ወይም ቀን ላይ ጨርሱት።

መብራት ሲጠፋ፣ ከቤት ውጭስ?

ጄኔሬተር ያለው ሰው 2500 ዋት የሚለውን ቁጥር አምኖ ግሪሉን ይሰካል። የቤንዚን ሞተር በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከ2500ው የሚቀረው 1900 ገደማ ነው። ለ1500 ዋት ግሪል ይበቃል፤ ሌላ ነገር አብራችሁ አትሰኩ። ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ አታስነሱ። ከከሰሉ የሸሸነው ያው መርዝ ከጭስ ማውጫውም ይወጣል።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ ባለፈው፣ «አክስቴ፣ ቢሾፍቱ ስንሄድ ግሪሉን ጀልባ ላይ ይዘነው እንውጣ። ከመኪናው ባትሪ እናሠራዋለን» አለኝ። ቁጭ ብለን አሰላነው። በውጭ አገር ትልልቅ ጀልባዎች ላይ የኤሌክትሪክ ግሪል ይወደዳል። ነበልባል የለውም። የማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ከጀልባው ሆድ ሥር ይጠራቀማል፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። እነዚያ ጀልባዎች ግን ጄኔሬተር አላቸው፣ ወይም ወደብ ላይ ቆመው ከምሰሶ መብራት ይወስዳሉ። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር ሰዓት ነው። 1500 ዋት ለማውጣት ከ125 አምፔር በላይ ይጠየቃል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። ግሪሉ በቅጡ ሳይግል ማለት ነው። በዚያ ላይ ውሃ ላይ ነን። ቤት ጠብሰን በፎይል ጠቅልለን ሐይቁ ዳር በላነው። ልጁም በስሌቱ አመነ።

ማጽዳት

ከሶኬቱ ንቀሉ። ለብ እስኪል ጠብቁ። ጨርሶ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ይረጋል፣ ማሸት ያበዛባችኋል። ሳህኑን ነቅላችሁ በለስላሳ ስፖንጅና በሳሙና እጠቡት፤ የብረት መፈግፈጊያ አይንካው። ማሞቂያው ያለበትን አካል ግን በፍጹም ውሃ ውስጥ አትንከሩት። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ተዉት። የስብ መቀበያ ትሪውን በዚያው ማታ አጽዱ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚጨሰው፣ አንዳንዴም የሚነደው፣ እሱ ውስጥ የከረመው ስብ ነው። ስቡን መታጠቢያው ቱቦ ውስጥ አትድፉት። ከታች ያለው ጎረቤት ቤት ነው የሚዘጋው። በአሮጌ ላስቲክ አድርጋችሁ ከቆሻሻው ጋር አውጡት።

ገመዱን ሳታጠብቁ ጠቅልሉት። ስትነቅሉ ደግሞ የመሰኪያውን እግሮች ሳይሆን ፕላስቲኩን ዳሰስ አድርጉት። ለብ ካለ ደህና ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ግሪሉን አስቀምጡና ሶኬቱን ለማስቀየር ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።